በመስኮቱ በኩል

ፌንጣ የአውቶቡስ ሾፌር ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ገብታ በሩ አጠገብ ስትቀመጥ፣ የመጽሐፍ ጠራዡ ልጅ በአባቷ ለቅሶ የሻይ ትሪ ይዛ ሳሎኑ መሀል ቆማ ነበር። ከተነጋገሩ ሃያ ዓመት አልፏል። ፌንጣ ያስባላት ረጅም እግሯ ግን አልተለወጠም፤ ዛሬም ወንበር ላይ ሳይሆን ሳጥን ውስጥ የገባች ይመስል አጣጥፋዋለች።

«ይቺ ደግሞ ማናት?» አለች አክስቷ ጠጋ ብላ። የሟች ታናሽ እህት ናት። ማን የት እንደሚቀመጥና ማን ቶሎ መነሣት እንዳለበት የምትወስነው እሷ ናት።

«ፌንጣ ናት።»

«ያቺ መጽሐፍ ገልባጯ?»

«ቀስ በይ፣ ትሰማለች።»

«ትስማ።»

ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። የጠራዡ ልጅ እስካሁን አላለቀሰችም፤ ይህንንም ከእሷ በቀር ሁሉም ልብ ብሎታል። የመጣ ሁሉ ስለ አባቷ የሚናገረው አንድ ዓይነት ነው። እጁ ወርቅ ነበር። በዕድሜው አንድ ገጽ ተዛንፎበት አያውቅም። እሷ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ሁለቴ ያላየችው ውጤት ላይ አትፈርምም። እዚህ ግን ለሁሉም አንገቷን ትነቀንቃለች። የሚያወሩለት ሰው የማታውቀው ጎረቤት እየመሰላት መጥቷል።

ትሪውን ይዛ ፌንጣ ፊት ቆመች።

«እግዜር ያጥናሽ።»

«አሜን። ውሰጂ፣ ይቀዘቅዛል።»

«ከሰዓት ፈረቃ አለኝ፣ ብዙ አልቆይም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

«ለመጠየቅ ነው ወይስ ለማስተዛዘን?»

«ለሁለቱም» አለች ፌንጣ፣ ሳታፍር።

ወደ ጓሮ በረንዳ ወጡ። እዚያ የተከራዩት ትርፍ ወንበሮች ተደራርበው ነበር። ፌንጣ ቆቧን አውልቃ ብብቷ ሥር ወሸቀችው።

«ያንን መጽሐፍ የገለበጥኩት እኔ እንዳልሆንኩ ንገሪኝ» አለች። «ሌላ ምንም አልፈልግም። እናቴ እስክትሞት በአባትሽ ሱቅ ደጃፍ አንገቷን ደፍታ ነው ያለፈችው። እኔ መንጃ ፈቃድ ያወጣሁ ጊዜ ሠፈሩ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ‹ለገልባጯ አውቶቡስ ሰጧት።›»

የጠራዡ ልጅ ሳቋ አመለጣት። በለቅሶ ቤት መሳቋ አስደንግጧት አፏን ያዘች።

«ሳቂ፣ እኔም ስቄያለሁ» አለች ፌንጣ። «አባትሽን ራሱን ልጠይቀው ነበር። ዛሬ ነገ ስል ሞተ። የቀረሽው አንቺ ነሽ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የአባቷ ጥረዛ ቤት ከቤታቸው ጋር ግድግዳ ይጋራ ነበር። ሁለቱ ልጆች ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናቸው ከትምህርት በኋላ እየገቡ ያግዙት ጀመር። የታተመው ወረቀት ታጥፎ ይመጣል፤ አንዱ እጥፋት ዐሥራ ስድስት ገጽ ነው፣ ስምንት እጥፋት አንድ መጽሐፍ ይሆናል። እያንዳንዱ እጥፋት የራሱ ክምር አለው፤ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ የመጀመሪያዎቹ አራት ክምሮች በመስኮቱ በኩል፣ የቀሩት አራት በግድግዳው በኩል ይደረደራሉ። አንዷ ከመስኮቱ በኩል አንድ አንድ እያነሣች አራቱን ትለቅማለች፤ ሌላዋ ከግድግዳው በኩል እንዲሁ። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ይገናኙና አንዱን ባንዱ ላይ ይደርቡታል። ከዚያ በክር ወደምትሰፋው ሠራተኛ ይሄዳል። ፍጥነት ስለሚወዱ ይሽቀዳደሙ ነበር። አባቷ ራዲዮኑን ከፍ አድርጎ የሳቃቸውን ድምፅ ለመሸፈን ይሞክራል፤ አይሳካለትም።

አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር አንድ መጽሐፍ በብብቱ ይዞ መጣ። ለትምህርት ቤቱ የተጠረዘው ሁለት መቶ መጽሐፍ ሁሉ ከስልሳ አምስተኛው ገጽ ጀምሮ ለዐሥራ ስድስት ገጽ ተዘቅዝቋል። ተማሪዎቹ ክፍል ውስጥ መጽሐፉን እንደ መሪ ሲያሽከረክሩ ዋሉ።

ስልሳ አምስተኛው ገጽ የአምስተኛው እጥፋት መጀመሪያ ነው።

«አምስተኛው የነበረው በግድግዳው በኩል ነው» አለች የጠራዡ ልጅ። «እኔ በመስኮቱ በኩል ነበርኩ። ፀሐይዋ ጀርባዬን ስታቃጥለኝ ትዝ ይለኛል። አባባ ‹አምስተኛው ጋ ማን ነበር?› ሲል ዝም አልሽ። ከዚያ ሮጠሽ ወጣሽ። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ቦታ ቀየርሽብኝ። አንድም ቀን ዞረሽ አላየሽኝም።»

ፌንጣ ቆቧን ከብብቷ አወጣች።

«እኔ ነኝ እኮ በመስኮቱ በኩል የነበርኩት። ጀርባዬን ያቃጠለኝ እኔን ነው። አባትሽ ሲጠይቅ በጣትሽ ጠቆምሽኝ። በዚህች ጣትሽ። እሱም ጮክ ሳይል ‹ከነገ ጀምሮ አትምጪ› አለኝ። ሳምንት ሙሉ በራችሁ ላይ ቆሜ ጠበቅኩሽ። በጓሮ እየወጣሽ ትሄጅ ነበር።»

«በጓሮ ወጥቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ማንን ነው የጠበቅኩት?»

የጠራዡ ልጅ ጣቷን አየችው። አክስቷ ከውስጥ ጠራቻት፣ ስኒ አልቋል። «እኔ ያላየሁትን አይቻለሁ ማለት አልችልም» ብላ ገባች። ፌንጣ ቆቧን አድርጋ ወጣች።

በአራተኛው ቀን የጠራዡ ልጅ እትዬ መርፌን ማድ ቤት ወስዳ አስቀመጠቻቸው። እትዬ መርፌ ሠላሳ ዓመት የአባቷ መጽሐፍ ሰፊ ነበሩ። ስማቸውን የሚያውቅ የለም፤ መርፌው ስም ሆኖ ቀረ።

«በመስኮቱ በኩል የነበርኩት እኔ ነኝ ወይስ ፌንጣ?»

«ሁለታችሁም» አሉ እትዬ መርፌ። «ለመስኮቱ ስትጣሉ አይደል እንዴ የምትውሉት? በየመቶው ትቀያየሩ ነበር። እኔ ራሴ ነኝ የማስቀያይራችሁ፣ ጩኸታችሁ አላሠራ ሲለኝ።»

«ታዲያ ማን ጋ ነው የተገለበጠው?»

«እንግዲህ ሁለት መቶውም ተገልብጦ የለ። መቶው ባንቺ እጅ፣ መቶው በእሷ እጅ አለፈ። ሁለት መቶውን የሰፋሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ለምን እኔን አትጠይቂኝም?»

«እርስዎ ምን ያድርጉ?»

«ፊደል ብቆጥር አየው ነበር። አልቆጠርኩም። ጀርባውን ብቻ ነው የማየው፣ ክሩ የሚገባበትን።» እትዬ መርፌ ቀሚሳቸው ላይ የሌለ ክር ለቀሙ። «ክምሩ ከመነሻው ተገልብጦ ነው የተቀመጠው፣ ልጄ። ክምር የሚያስቀምጠው ማን ነበር?»

የጠራዡ ልጅ ይህን ለማስታወስ እትዬ መርፌ አላስፈለጓትም ነበር። ክምር አምጥቶ መደርደር ለልጆቹ ክልክል ነው። «እጃችሁ ላብ አለው» ይላል አባቷ፤ ስምንቱንም ክምር ራሱ አምጥቶ፣ ራሱ ደርድሮ፣ ከዚያ ነው «ጀምሩ» የሚላቸው። ይህን ሁልጊዜ ታውቀዋለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ስታውቀው አንድም ቀን ከዚያ ነገር ጋር አላገናኘችውም። በሥራዋ እንዲህ ያለ ስህተት ብትሠራ ትባረር ነበር።

«ያኔ ዓይኑ ደክሞ ነበር» አሉ እትዬ መርፌ። «መነጽር አድርግ ስለው ‹ሽማግሌ አደረግሽኝ› ይለኛል። ልጅቷ ከሄደች በኋላ ሦስት ቀን ሱቁን ዘግቶ ሁለት መቶውን ብቻውን ፈታው። ክር እንኳን እንዳቀብለው አልፈቀደም። በወሩ መነጽር ገዛ።»

«ጠቆምኳት?»

«ማንን?»

«ፌንጣን። በጣቴ።»

«ኧረ ማንም ማንንም አልጠቆመም። ሁለታችሁም ‹እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ› እያላችሁ ታለቅሱ ነበር። ርእሰ መምህሩ ቆሟል፣ አንድ ሰው መባረር አለበት። አባትሽ አንቺን ወዴት ያባርርሽ? ቤትሽ ነው።»

ይኼኛውን ግን የጠራዡ ልጅ ማመን አቃታት። እትዬ መርፌ ሰው ለማስታረቅ የማይሉት ነገር የለም፤ ባልና ሚስት እንኳ ያልተባባሉትን ተባባላችሁ ብለው አስታርቀዋል። አሁን ሦስት ታሪክ ሆነ። በአንዱ ፌንጣ ዝም አለች፤ በአንዱ እሷ ጠቆመች፤ በአንዱ ሁለቱም አለቀሱ። ሦስቱንም ስታስብ የምታየው ያው ጠረጴዛ፣ ያው ፀሐይ ነው። የትኛው የራሷ ትዝታ እንደሆነ፣ የትኛውን በሁለት ቀን ውስጥ እንደሰማችው መለየት ተሳናት። እርግጠኛ የሆነችበት ነገር ክምሩ ብቻ ነው።

ወደ ሳሎን ስትመለስ አንድ ደንበኛ የነበረ ሰውዬ «በዕድሜው አንድ ገጽ» ብሎ ጀመረ። አንገቷን ሳትነቀንቅ አልፋው ሄደች።

ፌንጣ በአምስተኛው፣ በመጨረሻው ቀን ተመልሳ መጣች። የጠራዡ ልጅ ስታያት ግራ ገባት፤ አትመጣም ብላ ነበር። ምናልባትም እንዳትመጣ ተመኝታ ነበር። ያወቀችውን በረንዳ ላይ በሹክሹክታ ልትነግራት ትችላለች፣ ያ ቀላል ነው። ፌንጣ ግን የተባረረችው በሰው ፊት ነበር።

ሳሎኑ ሞልቷል። ርእሰ መምህሩ፣ አሁን ጡረታ የወጣ ከዘራ ያዥ ሽማግሌ፣ ፌንጣን ዐይቶ «ፊትሽን አውቀዋለሁ፣ ተማሪዬ ነበርሽ?» አላት። አክስት ቀደመቻት።

«ያኔ መጽሐፉን የገለበጠችው ናት፣ ጋሼ። ወንድሜን እርስዎ ዘንድ ያሳጣችው። ግዴለም፣ ልጅነት ነው። እሱም ይቅር ብሏት ነው የሞተው።»

ፌንጣ ቆቧን ጉልበቷ ላይ አሽከረከረች። ለመነሣት እግሯን ስትዘረጋ የጠራዡ ልጅ አየቻት።

«እሷ አይደለችም» አለች።

«ምን አልሽ?» አለች አክስት።

«መጽሐፉን የገለበጠችው እሷ አይደለችም።» ትሪውን እንደያዘች ሳሎኑ መሀል ቆመች።

«ታዲያ ማን ነው?»

ሁሉም ዞሮ ያያታል። እኔ ነኝ ብትል በአንድ ቃል ያልቃል። ሰው ልጅነት ነው ብሎ ይስቅና ሻዩን ይጠጣል፣ አባቷም በዕድሜው አንድ ገጽ ሳይዛነፍበት ይቀራል። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ደግሞም ያን ቃል ከዚህ በፊት ብላው የምታውቅ መሰላት።

«አባባ ነው» አለች።

«አንቺ ልጅ፣ በሞተ ሰው» አለች አክስት።

«ክምሩን ያስቀመጠው እሱ ነው። ማንንም አያስነካም ነበር። ዓይኑ አያይለትም ነበር፣ አክስቴ። እያየ መሰለው። አምስተኛውን ገልብጦ አስቀመጠው፣ ከዚያ ደግሞ ለመናገር አፈረ። የሰው ልጅ አባረረ። ሦስት ቀን ተቀምጦ ሁለት መቶውን ለብቻው ፈታ፤ እሷን ግን ሄዶ አልጠራትም። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ቤቷ ሁለት መንገድ ተሻግሮ እያለ…»

በቀጭን ወረቀት ላይ አጎንብሶ፣ አፍንጫው ሊነካው ደርሶ፣ የሚያይ እያስመሰለ የቆመ ሰው ታያት። ይህንን ሰው ታውቀዋለች። የሞተው እሱ ነው። ፊቷ በእንባ ራሰ፤ ትሪውን ስለያዘች መጥረግ አልቻለችም።

«ስለ ዓይኑስ ልክ ነሽ» አለ ርእሰ መምህሩ ከዘራውን እያየ። «የሰጠሁትን ደረሰኝ እንኳ አርቆ፣ አቅርቦ ነበር የሚያየው። ይህን ላስብ ይገባኝ ነበር።»

አክስት ለመጀመሪያ ጊዜ ማን የት እንደሚቀመጥ ግራ የገባት መሰለች።

ፌንጣ ተነሣች። ቆቧን ወንበሩ ላይ ትታ መጣችና ትሪውን ከጠራዡ ልጅ እጅ ወሰደች። በረጅም እግሯ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገረች፣ እንደ ቤቱ ልጅ፣ ሻዩን ማደል ጀመረች። አክስትንም አልዘለለቻትም።

የጠራዡ ልጅ የፌንጣን ቆብ አንሥታ በባዶው ወንበር ተቀመጠች። በአምስቱ ቀን ውስጥ ዛሬ ገና በእንግዶች ረድፍ መቀመጧ ነው።

ፌንጣ ሁሉንም አዳርሳ መጨረሻ ላይ እሷ ጋ መጣች። አንድ ብርጭቆ ቀርቷል። ሳትጠይቃት ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨምራ፣ አማስላ ሰጠቻት።

የጠራዡ ልጅ ስኳር አትወስድም። በልጅነታቸው ሦስት ማንኪያ የምታደርገው እሷ ትሁን ፌንጣ ለማስታወስ ሞከረች፤ አልቻለችም።

ጠጣችው።