የሽንፈት ሻይ

«አበልጄ፣ እሱ ከሞተ ወዲህ ሻዩን አፍልተሽ ታውቂያለሽ?»

ኤርሲሊያ ለለቀስተኛው ብስኩት በሳህን እየደረደረች ነበር። ቀና ስትል ጸሎት መሪዋ ዶኛ ኔሬይዳ መቁጠሪያዋን በእጇ ጠምጥማ ማድቤቱ በር ላይ ቆማለች። ከኋላዋ የባሏ ሾፌር ፕሮስፔሮ ባርኔጣውን እያሻሸ መሬት መሬቱን ያያል። ለሟች ነፍስ ከሚደረጉት ዘጠኝ የጸሎት ቀናት ስምንተኛው ነው።

«የቱን ሻይ?» አለች፣ የቱን እንደሆነ እያወቀች።

ባሏ ዶን ራዳሜስ «አዞዎቹ» የሚባለው የቤዝቦል ቡድን ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቷል። ከዚያ በፊት በስኳር ፋብሪካው ሸንኮራ የሚመዝን ጸሐፊ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሠራተኞቹ ሲጫወቱ ማን እንዴት እንደሚወረውር፣ ማን እንዴት እንደሚመታ በሚዛኑ ደብተር ጀርባ ይጽፍ ነበር፤ የቡድኑ ባለቤት ያን ደብተር አይቶ ቀጠረው። ከዚያ ወዲህ ተጫዋች የሚያስፈርመውም፣ የሚሸጠውም፣ የሚያሰናብተውም እሱ ሆነ። ሲያሰናብት ግን ስልክ አይደውልም። እናትየው ቤት ድረስ ይሄዳል፤ ይቀመጣል፤ የቀረበለትን ይበላል፤ የመጣበትን የሚናገረው ከዚያ ነው። ሳይበላ እንደማይናገር ስለሚታወቅ፣ መኪናውን ከሩቅ አይተው ድስታቸውን አልጋ ሥር የሚደብቁ እናቶች ነበሩ።

ይህ ሁሉ ድፍረት እያለው ጨዋታ ማየት አይችልም። ጨዋታው ሲጀመር ከስታዲየሙ ወጥቶ የሕዝቡን ጩኸት እያዳመጠ አጥሩን በእግሩ ይዞራል። ሲያሸንፉ ፕሮስፔሮ ከመንገዱ ማዕዘን ሦስቴ ክላክስ ያደርጋል። ሲሸነፉ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልቁለቱን በዝምታ ይወርዳል።

ኤርሲሊያ ሁልጊዜ የምትጠብቀው ዝምታውን ነበር። ስልክ ሲጮህ ከማንሣቷ በፊት ጫማ የምታጠልቅ ሴት ናት፤ ክፉ ወሬ በባዶ እግሯ እንዳያገኛት። ጨዋታ በተጀመረ ቁጥር የመራራ ብርቱካን ቅጠልና ጤና አዳም አንድ ላይ ታፈላለች፤ ለተሸነፈ ሰው ደም ያበርዳል ይባላል። እሱ ግን አሸንፎ ሲመጣም ይጠጣዋል። የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሡ ዕለት ጽዋውን ጨልጦ፣ «ኤርሲሊያ፣ አንቺ ስትፈሪ እኛ እናሸንፋለን። አደራሽን፣ መፍራትሽን እንዳትተዪ» አላት። ወሬው ቡድኑ ውስጥ ተዛመተ። ከዚያ በኋላ ትልቅ ጨዋታ ሲኖር ተጫዋቾቹ፣ ሻዩ መጣዱን ሳያረጋግጡ ሜዳ አይገቡም።

«ምን ፈርቼ ላፍላ?» አለች ኤርሲሊያ። «የፈራሁት እኮ ደረሰ።»

ነገሩ ግን የሻይ ብቻ አልነበረም። ዶን ራዳሜስ ሲሞት አዞዎቹ በዋንጫው ፍልሚያ ሦስት ለባዶ ይመሩ ነበር፤ አራት ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። ለክብሩ ሦስት ቀን ጨዋታ ቆመ፤ ሲቀጥል ተከታዮቹን ሦስት ጨዋታዎች ተሸነፉ። ሦስቱንም በዱላው መትቶ ያስሸነፋቸው ዊልኪን ነው፤ የከተማዋ ልጅ፣ የከተማዋ ዓይን። ዶን ራዳሜስ በኅዳር ለሳንቶ ዶሚንጎ ቡድን ሰጥቶት፣ በለውጡ ኤቫሪስቶ የሚባል የአርባ አንድ ዓመት ኳስ ወርዋሪ አመጣ። በዚያ ሳምንት የቤታቸው በር የብርቱካን ልጣጭ ሲወረወርበት ሰነበተ። ትናንት ደግሞ ግቢው ውስጥ ዶሚኖ ከሚጫወቱት ለቀስተኞች አንዱ፣ ነፍሱን ይማረው እንጂ ዊልኪንን የሸጠ እጅ ምን ይባላል፣ ሲል በመስኮት ሰማችው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቶ በዚች በአንዷ ሊታወስ ነው። ይህ ከሞቱ በላይ አንገበገባት።

«ነገ የሚወረውረው ኤቫሪስቶ ነው» አለ ፕሮስፔሮ። «የላከኝም እሱ ነው፣ ዶኛ። ክንዱን አሞታል። ሻዩ ይጣድልኝ፣ ሌላ ነገር አልፈልግም ብሏል።»

«ሻዩ ወደ ቤት ለሚገባ ሰው ነው» አለችና ብስኩቷን መደርደር ቀጠለች።

በማግስቱ እሑድ፣ የጸሎቱ ማብቂያና የመጨረሻው ጨዋታ በተመሳሳይ ሰዓት ላይ ዋሉ። ኤርሲሊያ አርባ ወንበር አስደርድራ አሥር ሰው ቢመጣ ነው ብላ ነበር። ወንበሩ አልበቃም። የመጡት እናቶቹ ናቸው፤ ልጆቻቸውን ያሰናበተባቸው እናቶች። አንዷ የፍየል ወጧን ሁለት ሳምንት ደብቃበት፣ በመጨረሻ ደረቅ ዳቦ በልቶ እንደነገራት ስታወራ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የዊልኪን እናት የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ለማን እንደምትጸልይ ሊጠይቃት የደፈረ የለም።

በለቅሶ ቤት ሬዲዮ ነውር ነው። የኔሬይዳ ነጠላ ግን ወደ ጆሮዋ የሚወጣ ቀጭን ሽቦ ደብቋል። «ለምኚልን» የሚለው ሕዝብ ውጤቱን ከድምፅዋ ያነባል፤ ከፍ ሲል ይቃናል፣ ሲሰበር ያጎነብሳል። በዘጠነኛውና በመጨረሻው ዙር ድምፅዋ አንዲት ቅድስት ስም ላይ ቆመ። ያንኑ ስም ሦስቴ ጠራች። አዞዎቹ በአንድ ነጥብ ይመራሉ፤ ከሳንቶ ዶሚንጎ ሰዎች ሁለቱ ነጥብ ሊያስቆጥሩ መንገድ ላይ ናቸው፤ ዱላውን የያዘው ዊልኪን ነው።

ኤርሲሊያ ተነሥታ ማድቤት ገባች። እጇ ሳታዘው ቅጠሉን ሲበጥስ ያየችው ጀበናው ከተጣደ በኋላ ነው። ፈርታ ነበር። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራች፤ ደስም አላት።

ውሃው ተንተከተከ። ከሳሎን፣ በጸሎቱ አሜን በማይባልበት ቦታ ላይ፣ አንድ ትልቅ «አሜን» ፈነዳ፤ ወንበሮች ተገለባበጡ። «ይብላኝ ለልጄ፣ ሽማግሌ አታለለው!» አለች የዊልኪን እናት፤ ግን እሷም ትስቃለች። ግቢው ውስጥ አንድ የዶሚኖ ተጫዋች፣ ያን ሽማግሌ ማን እንዳመጣው ለሁሉም ያስረዳል፤ ያው «የሸጠ እጅ» ሲል በመስኮት የሰማችው ሰው ነበር።

ትንሽ ቆይቶ፣ ከመንገዱ ማዕዘን ሦስት ክላክስ ተሰማ።

ኤርሲሊያ ሻዩን በእሱ ጽዋ ቀድታ፣ እንደ ልማዷ ወደ በሩ ዞረች። ቆመች። ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀመጠችና ጠጣችው። በሠላሳ አንድ ዓመት አንዴም ቀምሳው አታውቅም ነበር። ምሬቱ ዓይኗን አስጨፈናት። ይህን ጠጥቶ ነበር ከንፈሩን ጠርጎ «ይጣፍጣል፣ ይደገማል?» የሚላት።

«አይ አንተ ውሸታም» አለች፤ እንባዋ እየወረደ ሳቀች።

እስከ አተላው ጨለጠችውና ሁለተኛውን ቀዳች።