ሰኞና ሐሙስ ከሰዓት

ኢንሻራህ ደመወዙን ስትሰማ ጆሮዋን ማመን አቃታት። በኬሚስትሪ ተመርቃ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ሥራ ለተቀመጠች ልጅ፣ ኮምቦልቻ ያለው የዱቄት ፋብሪካ ለላቦራቶሪ ባለሙያነት ያቀረበላት ገንዘብ ሲሳይ ነው። ስለ ብሩ የምትለው አልነበራትም።

ጭንቀቷ ሌላ ነበር። አባቷ ሀጅ ባሽር ሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ደሴ ላይ የኩላሊት እጥበት ያደርጋሉ። እናቷ ካረፉ ወዲህ ደግፎ የሚወስዳቸው፣ አራት ሰዓት ሙሉ አጠገባቸው የሚቀመጥ ከእሷ በቀር ሰው የለም። እነዚህን ሁለት ቀኖች ከሰዓት ካልፈቀዱላት ሥራው ይቀራል፤ ቆርጣለች። ለአባቷ ግን አልተነፈሰችም። "በኔ ምክንያት" እያሉ እንደሚብሰለሰሉ ታውቃለች።

ሀጅ ባሽር አርባ ዓመት ጨርቅ ሸጠዋል። የደሴ ነጋዴ ደግሞ ልጁን መርቆ ሲሸኝ እንኳ የገበያ ምክር ጣል ሳያደርግ አይቀርም።

"ልጄ፣ ልብሽ የከጀለውን ቀድመሽ አታሳዪ" አሏት ጠዋት ስትወጣ። "መጀመሪያ የማይሆን ነገር ጠይቂ። እሱን ሲከለክሉሽ ያፍራሉ፤ ያኔ ዋናውን ታመጪዋለሽ።"

ሚኒባሱ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ እስኪጨርስ፣ ኢንሻራህ የምትከለከለውን ነገር ስትመርጥ ቆየች። በመጨረሻ ቤት ላይ ወሰነች። የፋብሪካው መኖሪያ ቤቶች ስድስት ብቻ እንደሆኑ ሰምታለች፤ ለአዲስ ሠራተኛ ማን ይሰጣል?

"በደመወዙ ደስ ብሎኛል፣ አልሐምዱሊላህ" አለቻቸው ለሰው ኃይል ኃላፊው ለአቶ ደሳለው። "ግን መኖሪያ ቤት እፈልጋለሁ።"

አቶ ደሳለው መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ አሰቡ። "ባለፈው ሳምንት አንድ ቤት ተለቋል። ተራ የሚጠብቅ ሰው ነበር፤ ግን አንቺም እንድታመልጪን አንፈልግም። ይሁን፣ ውሰጂው" አሉና ውሉ ላይ መጻፍ ጀመሩ።

ኢንሻራህ ክው አለች። ጨርቅ ተራ እንዲህ ያለ ነገር የለም። እዚያ ሰው መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ ከዚያ ይከራከራል፣ ከዚያ በነቢ እየማለ ትንሽ ይቀንሳል። እኚህ ሰውዬ ግን ገና ከመጠየቋ ሰጥተው አረፉት። ቤት ከተቀበለች በኋላ ደግሞ በምን ዓይኗ ሌላ ትጠይቃለች?

"ጋሼ፣ ቤቱን አልፈልገውም።"

"ታዲያ ለምን ጠየቅሽ?"

"እንዲከለክሉኝ ነበር" አለችና ሁሉንም ዘረገፈችው፦ የአባቷን እጥበት፣ ሰኞና ሐሙስን፣ የገበያውን ምክር ሳይቀር።

አቶ ደሳለው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው የላቦራቶሪ ኃላፊዋን ከይሪያን አስጠሩ። ለካ ቤቱን ሁለት ዓመት ስትጠብቅ የኖረችው እሷ ናት፤ በየቀኑ ሐርቡ ከሚባለው ከተማ ትመላለሳለች። ነገሩን ሲያስረዷት ለመወሰን ጊዜ አልወሰደባትም።

"ቤቱ ለኔ ከሆነ የምኖረው እዚሁ ፋብሪካው ደጅ ነው" አለቻት ለኢንሻራህ። "ሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ሥራሽን እኔ እይዝልሻለሁ፤ አንቺ ቅዳሜን ትሠሪልኛለሽ። ወላሂ ቤቱም ባይኖር እይዝልሽ ነበር። አባት ነው።"

አቶ ደሳለው ይህንኑ ውሉ ላይ ጻፉት። ኢንሻራህ "አላህ ይስጥልኝ" ደጋግማ አለች። ሐረጎን ሽቅብ ስትመለስም ስታመሰግን መጣች፤ አላህን፣ አቶ ደሳለውን፣ ከይሪያን፣ ደህና ወንበር የሰጣትን የሚኒባስ ረዳት ጭምር።

ቤት ገብታ የሆነውን ሁሉ ለአባቷ ነገረቻቸው። ምክራቸው እንዴት እንደከሸፈ ሲሰሙ ይስቃሉ ብላ ነበር። ሀጅ ባሽር ግን አልሳቁም። ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት።

"ለእጥበቷ ነርስ ለሰልዋ ደውይላት" አሉ። "ባትነግሪኝም ጭንቀትሽ ገብቶኝ ነበር፤ ሥራው እንዳያመልጥሽ ብዬ፣ ከእንግዲህ ሐሙስ ብቻ እንጂ ሰኞ ሰኞ ለእጥበት አልመጣም ብያት ነበር። እመጣለሁ በያት።"