ለሁለቱም ክንድ የሚሆን እጅጌ

ሚያዝያ ስድስት፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ልብስ ሰፊዋ የቆረጠችውን እጅጌ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አየች። ሁሉም የቀኝ ክንድ ነው።

በልብስ ስፌት ሱቃቸው መቀሱ የባሏ፣ የስፌት መኪናው የእሷ ነበር። ከተጋቡ ጀምሮ እሱ ይቆርጣል፣ እሷ ትሰፋለች። ወረርሽኙ ከተማውን ሲዘጋው ሠርጉም ቀረ፣ ሱፍ የሚያሰፋም ጠፋ። ቆይቶ ባልየውን ሳል ጀመረውና ሆስፒታል ገባ። ነርሶቹ ጋዋን አልቆባቸው የቆሻሻ ላስቲክ ቀደው እንደሚለብሱ በስልክ የነገራት እሱ ነው። "እኔን የምታገላብጠኝ ልጅ ላስቲክ ለብሳ ነው" አላት። በማግስቱ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ የጋዋን ጨርቅ ተቀበለች፤ ሰፍቼ ለረቡዕ ጠዋት አደርሳለሁ አለች።

ጨርቁ ውሃ የማያስገባው በአንድ ፊቱ ብቻ ነው። ለግራው ክንድ ግማሹን ገልብጣ መቁረጥ ነበረባት። እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ግራና ቀኙ ተጣምሮ ሲሰጣት ነው የሰፋችው፤ መገልበጡ ትዝም አላላት። አሁን ገልብጣ ብትሰፋው ውሃ የሚያስገባው ፊት ወደ ውጭ ይሆናል። ለአዲስ እጅጌ የሚበቃ ጨርቅ ደግሞ የለም።

ጎረቤቷ ባለታክሲው ታክሲ ሰው እንዳይጭን ከተከለከለ ወዲህ ሥራ ፈት ነው፤ ነገ ጋዋኑን ሆስፒታል የሚያደርስላት እሱ ነው። ከደጁ ራቅ ብሎ ቆሞ አንገቱን አሰገገ።

"እትዬ፣ ምነው ፊትሽ ጠቆረ?"

"ቀኝ እጅ ብቻ ላላቸው ሰዎች ልብስ ሠራሁ።"

"ምን ችግር አለው? ግራቸውን ኪሳቸው ይክተቱታ።"

"ማስክ ያስለበሱህ ለዚህ አፍህ ነው" አለችውና ስልኳን አነሣች።

ሆስፒታል ነርሷ ስልኩን የባሏ ጆሮ ላይ ያዘችለት። ትንፋሹ እየተቆራረጠ ነው።

"ሁሉንም ቀኝ አደረግሽው?"

"ሁሉንም።"

ሊስቅ ሲል ሳሉ አቋረጠው። "አንቺ ሴት፣ ሞቼም አላርፍም ማለት ነው።"

"ዝም በል። ትከሻ ላይ የሚገጥመውን የእጅጌውን አናት ከኋላም እንደ ፊቱ ጎድጎድ አድርጌ ብቆርጠውስ? ሁለቱ ጎን እኩል ከሆነ ለየትኛውም ክንድ ይገባል።"

"ፊትና ኋላውን የማያውቅ እጅጌ ጆንያ ነው። ከእኔ ሱቅ እንዲህ ያለ ነገር ወጥቶ አያውቅም።"

"ሱቁ የሁለታችንም ነው። ዛሬ ይወጣል።"

"እንግዲያው ከቁርጥራጩ ብብቱ ሥር ጨምሪበት" አለ። "አለዚያ ልጅቷ ክንዷን ስታነሣ ይተረተራል።"

እጅጌዎቹን አንድ በአንድ ከረከመቻቸው፤ ብብቱ ሥር ቁራጭ እየጨመረች ሰፋች። ባለታክሲው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ የሰፋችውን በሩቁ እየወረወረችለት፣ የተንጠለጠለውን ክር ለቀመ። ረቡዕ ጠዋት ጋዋኑን ጭኖ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ለባሏ ደወለች።

"ልጅቷ ለበሰችው?"

"ለብሳዋለች። አስቀያሚ ነው።"

"ብብቷን ያዛት ወይ?"

"ክንድሽን አንሺ አልኳት፤ አነሣች። አልተተረተረም።"

ባልየው ቅዳሜ አረፈ። ቀብሩ ላይ የተፈቀደላቸው ጥቂት ሰዎች ተራርቀው ቆሙ፤ እሷንም ያቀፋት አልነበረም። ሆስፒታሉ ያንኑ ጋዋን ደግሞ አዘዘ። ሰኞ ሱቁን ከፈተች፤ እሷ ቆረጠች፣ የስፌት መኪናው ላይ የባለታክሲው ሚስት ተቀመጠች።