ጉንፋኑ ሲለቀው

ልጄ ማዕረግ መራመድ ከጀመረ ወዲህ አፍንጫው ደርቆ አያውቅም። ማጋነን ልማዴ አይደለም፤ አስተማሪ ነኝ፣ ለማጋነን የሚተርፍ ጉልበትም የለኝም። አንዱ ጉንፋን ሊወጣ ሲሰናዳ ሌላው በር ላይ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። ቦንጋ ደግሞ ዝናብ የማይሰለቻት ከተማ ናት። አፍንጫውን የጠረግሁበት ጨርቅ ታጥቦ ሳይደርቅ ሌላው ይታጠባል፤ በቤታችን ውስጥ ገመድ ላይ ያልተሰጣሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ከየት እንደሚያመጣው አላጣሁትም። እኔ ሦስተኛ ክፍል ሳስተምር እሱ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ የሠራተኛ ልጆች ሰብስባ ከምታውል መሲ ከምትባል ሴት ቤት ይውላል። መሲ ጎበዝ ናት፣ ንጹሕም ናት። ግን እነዚያ ልጆች አንዱ የላሰውን ማንኪያ ሌላው ይልሳል፤ ሲሳሳሙም አፍንጫ ለአፍንጫ ነው። ከዚያ ላስቀረው ብል ሥራዬን መተው አለብኝ፤ ሥራዬን ብተው ደግሞ በባሌ በሚሊዮን ደመወዝ ብቻ የምንኖረው ኑሮ የለም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ልጄን አቅፌ ጉንፋን ወዳለበት ቤት በገዛ እግሬ አደርሰዋለሁ።

ምክር ግን ሞልቷል። ባለ ሱቋ ጎረቤታችን ሙባረካ የጥቁር አዝሙድ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ሰጠችኝ። «ደረቱን ቀቢው፤ ከሞት በቀር የማይመልሰው የለም» አለችኝ። ቀባሁት። ርእሰ መምህራችን ዳማከሴ ጨምቂለት አሉኝ፤ ጨመቅሁ። ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ዝንጅብል በኮረሪማ፣ ያልሞከርሁት የለም። ልጁ ወጥ ወጥ መሽተት ጀመረ እንጂ ጉንፋኑስ ከነክብሩ ተቀምጧል።

ጤና ጣቢያም ተመላልሻለሁ። ሰላሐዲን የሚባል ወጣት ጤና መኮንን አለ፤ ትዕግሥቱ የሚያናድድ ሰው ነው። ደረቱን አዳመጠው፣ ጆሮውን አየለት፣ መዘነው።

«ደህና ነው» አለኝ። «ቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም። በዚህ ዕድሜ ከልጆች ጋር ሲውሉ ቶሎ ቶሎ ቢይዛቸው ኖርማል ነው። ኢሚዩኒቲው እየተገነባ ነው።»

«ተገንብቶ የሚያልቀው መቼ ነው?»

«ከልጅ ልጅ ይለያያል። ዓመትም፣ ሁለት ዓመትም ሊሆን ይችላል።»

«እስከዚያ እኔ ምን ላድርግ?»

«ፈሳሽ ስጪው። እጃችሁን ታጠቡ። ጭስ አታስጠጉት። ክትባቱን እንዳታቋርጪ። መተንፈስ ካቃተው ወይ ጡት አልጠባም ካለ ሳትቆዪ አምጪው። ሌላው መጠበቅ ነው።»

መጠበቅ! ይህንን ለመስማት ነው እንግዲህ ከክፍል አስፈቅጄ፣ ጭቃ ለጭቃ ሮጬ የመጣሁት። ሽሮፕ እንኳ ሳልይዝ ባዶ እጄን ወጣሁ። «እየተገነባ ነው» ያለኝም አላጽናናኝም፤ የእኛ ሰፈር ድልድይ ማዕረግ ሳይወለድ ጀምሮ እየተገነባ ነው።

በዚህ መሀል ነው አማቴ እማማ በዛወርቅ ከደካ የመጡት። ነጭ ማርና ቆጮ ተሸክመው፣ በዚያ መንገድ ሲንገላቱ ውለው፣ ገና ሳያርፉ ልጁን ተቀበሉኝ። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት፣ አገጩን ያዝ አድርገው አፉን ከፈቱና ወደ ውስጥ አዩ።

«ይኸው» አሉ። «እንጥሉ ወርዷል። ይሄ ልጅ ካልተቆረጠ አይድንም።»

ደሜ ፈላ። እኔ እኮ በየዓመቱ ለሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች የሚለውን ትምህርት የማስተምር ሴት ነኝ። እንጥል መቁረጥ፣ ግግ ማውጣት እያልሁ በሰሌዳው ላይ በትልልቁ እጽፋለሁ። ልጆቹም እየጮሁ ከኋላዬ ይደግማሉ።

«እማማ» አልኳቸው ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «እንጥል የሰው አካል ነው፤ ሁሉም ሰው አለው። ጉንፋን ከእንጥል ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ደም ሊፈሰው ይችላል፤ ኢንፌክሽን አለ።»

«ሚሊዮንን አስቆርጬው ነው ያደገው» አሉ።

ሚሊዮን እዚያው ተቀምጦ ነበር፤ ክረምት በገባ ቁጥር ጠረጴዛ እስኪንቀጠቀጥ የሚያነጥስ ሰው። እኔንም በልጅነቴ ቆርጠውኛል፤ ጉንፋን ግን እንደማንኛውም ሰው ይይዘኛል። ይህን ሁሉ ተናገርሁ። ባሌን «ምን ትላለህ?» ብለው እናቱንም አየ፣ እኔንም አየ።

«እንግዲህ ተመካከሩና እንደተስማማችሁ» አለ። የሚሠራው መሬት አስተዳደር ነው፤ የሁለት ሰዎችን ድንበር ሲለካ ይውላል፤ የእናቱና የሚስቱ ሲሆን ግን ሜትሩ ይጠፋዋል።

እማማ በዛወርቅ አልተጨቃጨቁም። ቀን ቀን ልጁን አዝለው ይዞራሉ፤ በሳለ ቁጥር ቀና ብለው ያዩኛል። ከዚያ እይታ ጭቅጭቅ በስንት ጣዕሙ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ክፍል ውስጥ እያለሁ መሲ ልጁን አቅፋ በር ላይ መጣች። ፊቱ ቀልቷል፤ ንፍጡን ውጦ ውጦ አስመልሶታል፤ ሲያለቅስ ድምፁ አይወጣም። ጡት ሰጠሁት፤ አንዴ ስቦ በአፍንጫው መተንፈስ ሲያቅተው ለቀቀ፣ እንደገና ያዘ፣ እንደገና ለቀቀ። እየራበው፣ ምግቡ አፉ ላይ እያለ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ ያለቅሳል። እናት ሆኖ ያላየው ሰው ይህን አይረዳኝም። በባጃጅ ጤና ጣቢያ በረርሁ። ሰላሐዲን ጨው ያለው ውሃ በአፍንጫው ጠብ ጠብ አድርጎለት፣ ጡት እስኪጠባ ጠብቆ፣ ደረቱን አዳምጦ ያንኑ ነገረኝ። ደህና ነው፤ ሌላ ጉንፋን ነው፤ ጠብቂ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል። ቤት ገብቼ ልጄን አስተኛሁትና አማቴ አጠገብ ተቀመጥሁ።

«እማማ፣ እንሂድ» አልኳቸው።

የት ብለው አልጠየቁኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ሚሊዮን ለፊልድ ቢታ ገነት ወርዶ ሳለ ወጣን። ወደ ማንኪራ በሚወስደው መንገድ ጥቂት በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። እማማ ማዕረግን አዝለዋል፤ እኔ የልብስ ቦርሳውን ይዤ ከኋላ እከተላለሁ። መንገድ ላይ ከተማሪዎቼ የአንዷ እናት ሰላም ስትለኝ ወዴት ነው እንዳትለኝ ጸልዬ ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ነገር ላደርግለት ነው፣ እያልሁ ነበር የምራመደው። ክፉም ይሁን በጎ አንድ ነገር።

ቆራጩ ጋሽ ተድላ ንብ የሚያረቡ ሽማግሌ ናቸው፤ እንጥል መቁረጥ የትርፍ ጊዜ ሥራቸው ነው። አሁን የተከለከለ ስለሆነ በሹክሹክታ ነው የሚኬድባቸው። አስቀመጡንና በጨርቅ የተጠቀለለች፣ ጫፏ የጎበጠች ቢላ አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። እኔ ግን ያየሁት ጣታቸውን ነው። ሰም የጠጣ ወፍራም አውራ ጣት፤ የልጄን አፍ ብቻውን ይሞላዋል። ያ ጣት ምላሱን ሲጫነው ታየኝ። «ተዉት» ልል አፌን ከፈትሁ፤ ድምፅ ግን አልወጣኝም።

ማዕረግ ሳል ያዘው።

ጋሽ ተድላ ወደ አፉ የዘረጉትን እጃቸውን መለሱ። «ይሄ ልጅ ይስላል እንዴ?»

«እሱን ብለን እኮ ነው የመጣነው» አሉ አማቴ።

«የሚስል ልጅ አልነካም። በመሀል ቢስል እጄ ይስታል፤ ደሙም ወደ ውስጥ ይገባል። ጉንፋኑ ሲለቀው አምጡት።»

«ጉንፋኑ ከለቀቀውማ ለምን እናመጣዋለን?» አልሁ። በመጨረሻ የወጣኝ ድምፅ ይኸው ነው።

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡበት። «እሱስ እውነትሽን ነው» አሉና ቢላቸውን ጠቅልለው ወደ ቀፏቸው ሄዱ።

ስንመለስ መንገድ ላይ ሳቅ ያዘኝ። ዛፍ ተደግፌ ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ። ጤና ጣቢያው የሚሰጠኝ የለውም፤ ቆራጩም የሚወስድብኝ የለውም። አማቴ ግን አልሳቁም። ልጁን ከጀርባቸው እያስተካከሉ ቆመው ጠበቁኝ።

«ሲለቀው ትነግሪኛለሽ» አሉኝ። «የዚያኑ ቀን እመጣለሁ። ቃል ግቢልኝ።»

ገባሁላቸው። ያን ጊዜ ይለቀዋል ብሎ ማን አሰበ? ቡና ለቀማ ስለደረሰ ወዲያው ወደ ደካ ተመለሱ።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ማንም ምንም ሳያደርግለት፣ ጉንፋኑ ለቀቀው። መቼ እንደሆነ እንኳ አላስተዋልሁም። ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር። ማዕረግ ጡቱን ይዞ ሳይለቅ ጠባና እቅፌ ውስጥ ተኛ፤ እኔ ትንፋሹን ሳዳምጥ ምንም የሚያፏጭ ነገር የለም። ሳምንት አለፈ፤ ሌላም ሳምንት ተጨመረ። ልጄ ወዙ ተመለሰ፣ አፉ ተፈታ፣ ዶሮ እያባረረ ግቢውን አተራመሰው። ደስታዬን ለሙባረካ ነገርሁ፣ ለመሲ ነገርሁ፤ ሰላሐዲንንም መንገድ ላይ አግኝቼው በኩራት ነገርሁት። «ይመለሳል እኮ፤ ያኔም እንዳትደነግጪ» አለኝ፣ የተባረከ።

ያልነገርሁት ለአማቴ ብቻ ነው። እሑድ እሑድ ይደውላሉ።

«እንዴት ነው ልጁ?»

«ያው ነው እማማ። አልለቀቀውም።»

«ወይ ጌታዬ። ለሱ ብዬ ጾም ይዣለሁ።»

ስልኩን ዘግቼ ሚሊዮንን «አንተ ንገራቸው፤ እናትህ ናቸው» እለዋለሁ። «ቆይ፣ እነግራታለሁ» ይላል። ያ «ቆይ» እስካሁን አልደረሰም። ስለ ልጅ ጤንነት መዋሸት የሚያስፈራ ነገር ነው። የተናገርሁት እንዳይደርስበት እያማተብሁ እዋሻለሁ፤ እሳቸውም በውሸቴ ይጾማሉ።

ባለፈው እሑድ ሲደውሉ ማዕረግ እጄ ላይ ነበር። «ያው ነው» ልል ስል ስልኩን ቀማኝና በሙሉ ጉሮሮው «አያ-ቴ!» ብሎ ጮኸባቸው። ድምፁ እንደ ደወል ጠራ።

«ድምፁ!» አሉ። «ፀደንያ፣ ድምፁ ጠርቷል! ለቆታል! ጌታ ሆይ፣ ሰማኸኝ!» ያለቅሳሉ፣ ይስቃሉ፣ በራሳቸው ቋንቋ ያመሰግናሉ። «ነገ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ። ደህና ሳለ እናስቆርጠው፤ ሳይመለስበት።»

ልጁን መሬት አወረድሁትና ወደ ግቢው ሮጠ። በሩ ላይ ተቀመጥሁ።

«እማማ፣ ለሱ ከሆነ አይምጡ።»

«ምን አልሽ?»

«አላስቆርጠውም። ጋሽ ተድላ ጋ የሄድን ቀን ነው የተውሁት። ልነግርዎት ፈርቼ ነው የዋሸሁዎት፤ ከለቀቀው ከርሟል። ይቅር ይበሉኝ።»

ቁጣ ጠበቅሁ። ቢቆጡኝ በወደድሁ።

«ነገ ተመልሶ ቢይዘውስ?» አሉ በቀስታ።

«ይይዘዋል፣ እማማ። ደጋግሞ ይይዘዋል።»

«ያኔ ምን ልናደርግለት ነው?»

«አፍንጫውን መጥረግ። ውሃ መስጠት። መተንፈስ ካቃተው ይዞ መሮጥ። ሌላው መጠበቅ ነው።»

«መጠበቅ» አሉ። «የሚሊዮንን ታላቅ ጠብቂ ብለውኝ ነበር። ጉንፋን ነው፣ ይለቀዋል አሉኝ። እኔም ጠበቅሁ። አቅፌው ነበር የምጠብቀው፤ እቅፌ ላይ ነው ያለፈው።»

ሚሊዮን ታላቅ እንደነበረው አንድም ቀን አልነገረኝም። ምናልባት እሱም አያውቅም።

«አሁን ደግሞ አንቺ ጠብቂ ትይኛለሽ?»

«አዎ እማማ» አልሁ።

«እሱን እኮ ነው የማልችለው፣ ልጄ።»

«እኔም አልችልም» አልኳቸው።

ሁለታችንም ስልኩን አልዘጋንም። ማዕረግ ግቢው ውስጥ ዶሮዋን ደርሶባት ሲስቅ፣ እሳቸው ደካ ሆነው እኔ ቦንጋ ሆኜ፣ ዝም ብለን ሰማነው።