የበረኛው ስእለት

ሙጫ ይሉታል፤ ኳስ እጁ ከገባች አትወጣምና። በረኛ ነው። ከቤት ሜዳ፣ ከሜዳ ቤት የሚል ዝምተኛ ሰው ነበር።

ሚስቱ በትዳራቸው መጀመሪያ ላይ ፅንስ እየጨነገፈባት ብዙ አልቅሳለች። በመጨረሻ ሚጣ ስትወለድ፣ ገና ከወሊድ አልጋዋ ሳትነሣ፣ "ተስዬ ነበር" አለችው። "ልጅ ከሰጠኸኝ ባለቤቴ በሕዝብ ፊት ይመሰክርልሃል ብዬ።"

"እኔን ሳትጠይቂ?"

"አንተማ መቼ ቤት ትገኛለህ?"

በነጭ ካናቴራ ላይ "ፈጣሪ ሰምቶኛል" ብላ በጥቁር ክር ጠለፈችለት። ከማልያው ሥር እንዲለብሰውና አንድ ቀን ገልጦ እንዲያሳየው ነው። እሱም ይለብሰዋል፤ ግን አያሳይም። "በረኛ ጎል አያገባ፤ ምን አግኝቼ ነው ማልያ የምገልጠው?" እያለ በሳቅ ያልፋታል። እሷ ግን ሕፃኗን ባተኮሳት ቁጥር "የተሳሉትን ማስቀረት ደግ አይደለም" ትላለች። ያን ጊዜ ሳቁ ይጠፋል።

የቡድኑ አምበል በእምነት ቢለዩም የልብ ወዳጁ ነበር። አንድ ቀን ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ካናቴራውን አየና አጠገቡ ቁጭ አለ።

"ይሄን ልታሳይ ነው?"

"የሚስቴ ስእለት ነው።"

"ደንቡ እንደማይፈቅድ ታውቃለህ። እሺ ደንቡን ተወው፤ እኔም እኮ እጸልያለሁ። ኳስ የሚመታብህም ሰውዬ ይጸልያል። አንተ 'ሰምቶኛል' ስትል እሱን ምን ልትለው ነው? ደጋፊ እንደሆነ ሰበብ ነው የሚፈልገው። አንዴ በእምነት ከተቧደነ ማን ይመልሰዋል?"

"ማመስገን ስድብ ሆነ እንዴ?"

"እንደሱ አላልኩም። በሆድህ አመስግን ነው የምልህ። ማልያው የሁላችንም ነው።"

ሙጫ ማልያውን ከላዩ ለበሰ፤ ካናቴራውን ግን አላወለቀም።

የውድድሩ መዝጊያ ጨዋታ ዋዜማ ሚጣ በትኩሳት ስትቃጠል አደረች። ጠዋት ሲወጣ ሚስቱ በሩ ላይ ክንዱን ያዘችው። "ዛሬ እንኳን። ስለ ልጅህ ስትል።"

"እሺ" አላት።

ቡድኑ አቻ ከወጣ ሊጉ ላይ ይቆያል፤ ከተሸነፈ ይወርዳል። ጨዋታው ያለ ጎል ቆይቶ ሊያልቅ ሲል አንድ ተከላካይ ኳስ በእጁ ነካና ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠባቸው። መቺው ወደ ግራ ላካት፤ ሙጫ ተወርውሮ በጣቱ ጫፍ ወደ ላይ ገፋት። ስታዲየሙ በጩኸት ተናወጠ። ኳሷ ከጎሉ አግዳሚ በላይ ያለፈች መሰለው። ተነሣ፤ ከጎሉ ጀርባ ወዳለው ሕዝብ ዞረ፤ ማልያውን በሁለት እጁ እስከ ራሱ ድረስ ገለጠው።

ጨርቁ ዓይኑን እንደሸፈነው "ኋላህን! ኋላህን!" የሚል የአምበሉን ድምፅ ሰማ። ኳሷ አልወጣችም፤ አግዳሚውን መትታ ወደ ሜዳ ተመልሳለች። መቺው ደርሶ በግንባሩ አስገባት።

"ሙጫ ሳይሆን ሳሙና!" ብሎ አንዱ ጮኸ፤ ሰው ሳቀ። ሳቁ ግን ወዲያው ከረረ። የተቃራኒ ደጋፊዎች "የታለ የሰማህ?" ማለት ጀመሩ፤ እምነቱን የሚጋሩት ደግሞ ስድቡን በስድብ መለሱ። የስታዲየሙ መውጫ በር ላይ ሲደርሱ ድንጋይ ተነሣ። አምበሉ ሊገላግል መሐል ገባ። አንዱ ድንጋይ ዓይኑን መታው።

ሙጫ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ በፈገግታ ተቀበለችው፤ ወሬው ገና አልደረሳትም። "ትኩሳቷ ለቀቃት! አየህ?" አለች። ልጁን ከእጇ ተቀብሎ ወደ ደረቱ አስጠጋትና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄደ። አምበሉ ግማሽ ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ሐኪሞቹ ዓይኑን አላተረፉትም።

"ይቅር በለኝ" አለ ሙጫ።

"ሚጣ እንዴት ናት?"

"ተሽሏታል።"

"ተመስገን" አለ አምበሉ። ሙጫ ይቅርታውን ቆሞ ጠበቀ፤ ከዚያ ወጣ።

ክለቡ ሁለቱንም አሰናበታቸው። ሙጫ ዛሬ ጎማ ቤት ይሠራል። ሚስቱ ስለዚያ ቀን አታነሣም፤ እሱም አይጠይቃትም፤ ቤታቸው ውስጥ የሚሰማው የልጅቷ ድምፅ ብቻ ነው። አልፎ አልፎ አምበሉን መንገድ ላይ ያየዋል። አምበሉ በታወረው ዓይኑ በኩል የሚያልፈውን ሰው አያይም፤ ሙጫም ሁሌ በዚያ በኩል ያልፋል።