ከገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራት ወዲያ

አክስት ከቤተሰቡ ወንበር ተነሳች። ጥቁር ሻርፗን አስተካከለች፤ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ በክፍሉ ውስጥ ያለው ሹክሹክታ ሁሉ እስኪቆም ጠበቀች። ከዚያም ዳኛ ፍርድ በሚያነብበት ድምፅ፣

"ስኳር አልቋል" አለች።

ለቅሶ ደራሾቹ አንገታቸውን ደፉ። አንድ ሁለቱ ከንፈራቸውን መጠጡ። በዚህ ቤት በሦስት ቀን ውስጥ የተነገረው ነገር ሁሉ የሚያሳዝን ስለነበር፣ ይኼኛው ይለይ እንደሆነ ለማጣራት የደፈረ አልነበረም።

"እኔ ላምጣ፣ እማማ" ብሎ ሹፌሩ ብድግ አለ። የሟቿ ደንበኛ ነው፤ ሰፈሩን ከገበያ የሚያገናኘውን ሚኒባስ ይነዳል።

"ኧረ ቁጭ በል" አለች ትንሿ ከጥግ። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቃል ስላልወጣት ሰው ሁሉ ዞረ። "አንተ ደግሞ ይኼ የመላላክ አባዜህ መቼ ነው የሚለቅህ?"

ሹፌሩ አንድ እግሩን እንዳነሳ ቀረ። አያት። እሷም ትንፋሿን ይዛ አየችው።

"ምን ይደረግ እትዬ፣ ከልጅነት የያዘኝ ነው" አለና ወጣ።

አልጠየቀም። ትንሿ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አጠገቧ የተቀመጠችው ጎረቤቷ ነርስ፣ "አይዞሽ፣ አልቅሺው፣ ይውጣልሽ" እያለች ጀርባዋን ደባበሰቻት። ትንሿ ከሻርፑ ሥር እየሳቀች ነበር። አንዱ ቃል ሄደ። ሁለት ቀሩ።

ትንሿ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ናት። ትንሿ የተባለችው ትልቋ ስለነበረች ነው፤ አሁን ትልቋ የለችም፤ ስሙ ግን ላይዋ ላይ እንዳለ ቀርቷል። ሁለቱ እህትማማቾች ልብስ ሰፊዎች ነበሩ። ለቅሶ ደራሹ የተቀመጠበት ክፍል ራሱ ሱቃቸው ነው፤ ሁለቱ የስፌት ማሽኖች ግድግዳ ተጠግተው ጨርቅ ተጥሎባቸዋል። ከመጋረጃው ጀርባ የአክስታቸው አልጋ አለ።

ትልቋ ትምህርቷን አምስተኛ ክፍል ላይ የተወችው ትንሿን ለማሳደግ ነው። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። የማታውቀው ቃል ሲገጥማት ግን አንገቷን ነቅነቅ አድርጋ ታልፍ ነበር። አንድ ቀን አንድ ጠበቃ መጥቶ፣ "ኮቱ ቁጥብ እንዲሆንልኝ ነው የምፈልገው" አላት። ነቀነቀች። ጨርቅ ቆጥባ ሰፋችለት። ጠበቃው ለብሶት መስታወት ፊት ቆመ፤ እጅጌው ክርኑን ትንሽ አለፍ ብሎ ቆሟል።

"ቁጥብ ነው" አለ ጠበቃው። ጨዋ ሰው ነበር።

በዚያው ሳምንት ትልቋ፣ ባለቤቱ አሥራ አንድ ዓመት ረስቶት ከቀረ ካፖርት ኪስ ውስጥ አንድ ወፍራም ልቦለድ አወጣች። "ከእንግዲህ ለማላውቀው ነገር አልነቀንቅም" አለች። መጽሐፉ በባሕር ጠረፍ ላይ የመርከቦችን መብራት የምትጠብቅ ሴት ታሪክ ነው። ሁለቱም ባሕር አይተው አያውቁም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ብቻ ዘጠኝ የማያውቁት ቃል ነበር።

መዝገበ ቃላት የላቸውም። የቃሉን ትርጉም ከዙሪያው ይገምታሉ፤ ደንበኛን በዐይናቸው እንደሚለኩት ማለት ነው። ከዚያ ትልቋ ሕግ አወጣች። ያልተነገረ ቃል ያልተለበሰ ልብስ ነው፤ ሰው ላይ ካልታየ ልኩ አይታወቅም። ስለዚህ በገጹ ላይ ያለው አዲስ ቃል በሙሉ በጨዋታ መሐል ለደንበኛ ሳይነገር ገጹ አይገለጥም። ደንበኛው "ምን ማለት ነው?" ካለ ቃሉ አልተቆጠረም፤ ስፌቱ ታይቷልና ተፈትቶ ለሌላ ሰው እንደገና ይሰፋል። ቤተሰብ ደግሞ ስለሚያደላ አይቆጠርም።

ትልቋ ለዳቦ ሻጯ፣ "ይቺ ልጅሽ መልህቅሽ ናት" አለቻት። ዳቦ ሻጯ አመሰገነች። ገጹ ተገለጠ።

እንዲህ ስምንት ወር ሄዱ። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ሲሆን ትልቋ መነጽሯን ታደርጋለች፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች፤ ትንሿ እየሰፋች ታዳምጣለች። የሚገርመው ነገር፣ የሰፈሩ ሰው የሸሚዝ ቁልፍ ሁሉ የሚበጠሰው አሥር ሰዓት ላይ ነበር። ሹፌሩ አንዱን ሱሪ ሦስት ጊዜ አሳጥሮታል። አክስት ብቻ፣ "ልቦለድ ራሴን ያመኛል" ብላ በዚያ ሰዓት ከመጋረጃዋ ጀርባ ትተኛለች።

ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራት ላይ እንዲህ ሆነ። ዐውሎ ነፋስ ነው። የሴትዮዋ ባል ባሕር ከበላው ሰባት ዓመት አልፎታል። በሩ ተንኳኳ፤ ከውጭ አንድ ድምፅ፣ ባሏ ብቻ ያውቀው በነበረው የቁልምጫ ስሟ ጠራት። ገጹ እዚያ ላይ አለቀ። ሦስት ቃል አልተነገረም ነበር፤ አባዜ፣ ምጸት፣ ውልብታ።

"ሰኞ እንገልጠዋለን" አለች ትልቋ፣ ደረቷን በእጇ ይዛ።

እሑድ ሞተች።

ትንሿ አልቅሳለች፤ ማንም አላለቀሰችም ሊል አይችልም። ግን በለቅሶዋ መሐል፣ ልክ እንደ ስቅታ፣ በሩን ያንኳኳው ማነው የሚል ነገር ብቅ ይልባታል። ልቧ ይዘላል። ወዲያው ታፍርና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታለቅሳለች። መጽሐፉን አንሥታ ገልጣ ማየት ትችል ነበር፤ ሁለት ጊዜም ጣቷን ገጹ ጠርዝ ላይ አድርጋ ታውቃለች። ነገር ግን ትልቋ የለችም ብሎ ሕጓን መሻር፣ ትልቋ የለችም ማለት ነው።

በአራተኛው ቀን የሱቁ አከራይ መጣ። ወደዚህ ክፍል በስምንት ወር ውስጥ ብቅ ያለው የዚያን ቀን ነው። ግድግዳውን ቃኘና፣ "ቀለሙ ለቋል፤ በቃ በዚህ ሳምንት አስቀባዋለሁ" አለ።

ትንሿ ቀና አለች። "ስድስት ዓመት ሙሉ ስትለምንህ ኖራ፣ አሁን እሷ ሳትኖር ማስቀባትህ ምጸት ነው።"

"ምን ነው?"

"ምጸት።"

"ምጸት ምን ማለት ነው?"

ሹፌሩ አከራዩን በጎሪጥ አየው። ነርሷ ዐይኗን ጨፈነች። ዳቦ ሻጯ ለብቻዋ፣ "አሁን ይኼ ምን ይጠየቃል" ብላ አጉረመረመች። ትንሿ ግን በራሷ ተናዳ ስለነበር ይህን ሁሉ አላየችም። ግማሽ ሰዓት ቆይታ ወደ ነርሷ ዞረች።

"የሰውን ሁሉ ደም ግፊት ስትለኪ ውለሽ የራስሽን አለማወቅሽ ምጸት ነው።"

"ነው እኮ፤ ነው እኮ" አለች ነርሷ ሳታስጨርሳት።

አንድ ቀረ። ውልብታ። ይህ ቃል በለቅሶ ቤት ጨዋታ ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳ አልነበረውም። ትንሿ በአምስተኛው ቀን ከጠዋት ጀምሮ ስትሞክር ዋለች። ስለ ዝናቡ ተነሣ፤ አልሆነም። ስለ ዳቦ ዋጋ ተነሣ፤ ጭራሽ አልሆነም። ከሰዓት በኋላ ደክሟት ተወችው።

"እንቅልፍስ ይወስድሻል?" አለቻት ነርሷ።

"ይወስደኛል። የሚከፋው ጠዋት ነው። መጋረጃውን ስገልጥ ከማሽኑ ኋላ ውልብታዋን አያለሁ። ደህና አደርሽ ልላት አፌን ከፍቼ ነው፣ ለካ የለችም የምለው።"

ማንም አልጠየቀም። ነርሷ እጇን ያዘቻት። እንባዋ እየመጣ ነበር፤ የእውነት እንባ ነው። ከዚያ እንባው መንገድ ላይ ቆመ። ትንሿ በአንድ ጊዜ ብድግ አለች።

"ያዟት፣ ልትወድቅ ነው" አለች አክስት።

"አልወድቅም። ገጹን ልገልጥ ነው።"

ከማሽኑ መሳቢያ መጽሐፉን አወጣች። አክስት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። "በለቅሶ ቤት? ልቦለድ? ኧረ ሰው ምን ይላል፣ ልጄ?"

ሰው ምንም አላለም። ሹፌሩ ወንበሩን ጠጋ አደረገ። ዳቦ ሻጯ የልጇን አፍ በመዳፏ ያዘች። ግድግዳውን ለማየት ዛሬም የመጣው አከራይም ቀለሙን ረስቶ ቁጭ አለ።

ትንሿ ለሰው አንብባ አታውቅም። በእጅ እንደሚሰፋ ሰው፣ አንድ በአንድ እየወጋች ጀመረች። የመብራት ጠባቂዋ ፋኖሷን አንሥታ ወደ በሩ ሄደች። ደረጃው ብዙ ነው። ግማሽ ላይ ቆማ፣ "ማነህ?" አለች። ነፋሱ መልሱን ወሰደው። አንድ ደረጃ ወረደች፤ ሌላ ወረደች። ሹፌሩ ከእሷ ጋር እየወረደ ይመስል ጉልበቱ ይንቀሳቀስ ነበር። መወርወሪያውን ሳበች። በሩ ተከፈተ። የቆመውን ሰው ባየች ጊዜ ድንጋዜ ወረሳት።

ትንሿ ጣቷን ድንጋዜ የሚለው ቃል ላይ አሳረፈች።

"እሺ?" አለ አከራዩ።

"ገጹ አለቀ።"

"ታዲያ ግለጪው እንጂ።"

"ዝም በል አንተ፣ ቃል ቀርቷታል" አለች ነርሷ። ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ለራሷ የተሰማት። አጎንብሳ ጫማዋን ማየት ጀመረች።

ትንሿ ቀስ ብላ ዞረች። "ቃል ቀርቷታል?"

ዳቦ ሻጯም ጫማዋን አየች። በክፍሉ ውስጥ የሚታይ ጫማ ሁሉ ተመልካች አገኘ። በመጨረሻ ሹፌሩ ተነፈሰ።

"ለእኔ በይው፣ እትዬ። ምንድን ነው ብዬ አልጠይቅሽም። ጠይቄም አላውቅ።"

"ታውቁ ነበር?"

"እንድትገልጡት ነዋ። 'ምን ማለት ነው' ያልናችሁ ቀን ገጹ አይገለጥማ። አንድ ቀን አንዱ ጠይቆ አራት ቀን ከሴትዮዋ ጋር ደረጃ ላይ አስቁማችሁናል።"

ሁለት መቶ አሥራ አራት ገጽ ሙሉ ይኼ ሁሉ ሰው ለማያውቀው ቃል አንገቱን ሲነቀንቅ ኖሯል። ትንሿ ሳቋ መጣ፤ ሙሉ በሙሉ፣ ያለ ሻርፕ። ለትልቋ ልትነግራት አፏን ከፈተች። ይህን ልትነግራት የምትፈልገው ሰው በዓለም ላይ አንዲት ብቻ ነበረች። አፏን ዘጋች።

"እንግዲያው አይቆጠርም" አለች፣ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አድርጋ። "እያወቃችሁ ከሆነ አይቆጠርም። ለማን ልበለው?"

ሹፌሩ ራሱን አከከ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። የማያውቀው አከራዩ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ እንደሚጠይቅ ሁሉም ያውቃል።

"እኔ አላውቅም" አለች አክስት። "እኔ በዚያ ሰዓት እተኛ ነበር።"

ከዚያ ከቤተሰቡ ወንበር ተነሳች። ክፍሉን አቋርጣ ሄዳ፣ ከለቅሶ ደራሾቹ አግዳሚ ላይ በሹፌሩና በነርሷ መሐል ገብታ ተቀመጠች። ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካክላ፣ ልብሷ እስኪደርስላት እንደምትጠብቅ ደንበኛ ቀና አለች።

"በይ እንግዲህ" አለች።