የውስጥ አሥራ ሁለት፣ የውጭ አሥራ ስድስት

አባትየው አርባ ዓመት ሙሉ ቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ። ዓይናቸው ደከም ሲል ሥራውን ተዉት፤ እሳቸው ሥራውን ሲተዉ ደግሞ ሰው እሳቸውን መጠየቅ ተወ። «አባዬን አታድክሙት» ይባባላሉ ልጆቹ። እሳቸው ግን መድከም ናፍቋቸው ነበር።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የመጨረሻ ልጃቸው ደውላ «አባዬ፣ ፊቲንግ ትመርጥልኛለህ?» ስትላቸው ጆሯቸውን አላመኑም።

«የምን ፊቲንግ?»

«የኮምፒውተር።»

«ኮምፒውተር ውሃ ይጠጣል እንዴ?»

«የእኔ ሊጠጣ ነው። ናና እየው።»

ሄደው አዩት። ልጅቱ ገና ያልተሠሩ ቤቶችን እንደተሠሩ አድርጋ በኮምፒውተር ትሥላለች። ሥዕሉ ሲከብደው ማሽኑ ይግልና ድርግም ይላል። አሁን ሙቀቱን በውሃ ልታስወጣው ነው። ትንሽ ፓምፕ፣ የውሃ ማጠራቀሚያና ራዲያተር ገዝታ አስገብታለች፤ በመሃላቸው የሚዘረጋው እንደ መስታወት የጠራ ደረቅ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። የቀሯት ቱቦውን ከዕቃዎቹ ጋር የሚያያይዙት ስምንት ፊቲንጎች ብቻ ነበሩ። እሷ ደግሞ ከደንበኛ ጋር ቀጠሮ ነበራት።

«ቱቦው የሚጠመዘዝ ጥርስ የለውም» አለች ቁራጩን እያቀበለቻቸው። «ፊቲንጉ ውስጥ ትሰካውና ከላይ ታጠብቀዋለህ። አንዲት ጠብታ ከወረደች ግን አለቀልኝ፤ ከሥሩ ያለው ሁሉ ኤሌክትሪክ ነው።»

«ለእኔ ተዪው» አሉ።

ቁራጩን በካሊፐር ሦስት ጊዜ ለኩት። ሦስቱንም ጊዜ አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር መጣ። ሱቅ ሄደው ባለ አሥራ ሁለት ፊቲንግ አስወጡ። የአንዱን ክብደት በመዳፋቸው መዘኑ፣ የሌላውን ጥርስ በጥፍራቸው ዳሰሱ፣ ውስጥ ያለውን የጎማ ቀለበት ቆጠሩ።

ሻጩ ታከተው። «አባባ፣ የጋብቻ ቀለበት ነው እንዴ የሚመርጡት?»

«ለጋብቻማ አንድ ይበቃል። እኔ የምፈልገው ሁለት ያለውን ነው።»

ባለ ሁለት ቀለበቱን ይዘው እየተንጎማለሉ ተመለሱ። ልጅቱ ከቀጠሮዋ ገብታ አንዱን አነሣችና ቱቦውን ልትሰካ ሞከረች። ቱቦው አፉ ላይ ደርሶ እንቢ አለ። ሌላ ሞከረች። ያም እንቢ አለ።

«አባዬ፣ በየት በኩል ነው የለካኸው?»

«በውስጡ ነዋ። ቧንቧ በየት በኩል ይለካል?»

እውነታቸውን ነው። እሳቸው ባደጉበት ሙያ ግማሽ ኢንች ሲባል ውሃው የሚያልፍበት ነው፤ የብረቱን ውፍረት ማን ይጠይቃል? የዚህ ዓይነት ፊቲንግ ቁጥር ግን የቱቦው የውጭ ስፋት ነበር፤ የዚህ ቱቦ ደግሞ አሥራ ስድስት ነው።

ልጅቱ ልትስቅ ከንፈሯ ተከፈተ። የአባቷን ፊት ስታይ ሳቋን መልሳ ዋጠችው። እሳቸውን የጎዳቸው ስህተቱ ሳይሆን ይኸው የተዋጠ ሳቅ ነው፤ ድሮ ቢሆን ሆዷን ይዛ ነበር የምትስቅባቸው።

«ግዴለም አባዬ፣ ሰኞ ባለሙያ እጠራለሁ።»

«ባለሙያ» የሚለው ቃል ደረታቸው ላይ አረፈ። «ሱቁ አልተዘጋም» ብለው ፊቲንጎቹን ሰብስበው ወጡ።

በባለ አሥራ ስድስት ለውጠው ሲመለሱ ልጅቱ ቱቦውን በመጋዝ ቆርጣ ጨርሳለች። አንዱን ቁራጭ ሊያነሡ እጃቸውን ሲሰዱ «ቀጥ አድርጌ ነው የቆረጥኩት፤ አንተ አረፍ በል» አለቻቸው። አረፉ። ብቻዋን ገጠመችው። ውሃ ሞልታ፣ የማሽኑን ኤሌክትሪክ ነቅላ ፓምፑን ብቻ አስነሣች፤ በየመጋጠሚያው ሥር ሶፍት አነጠፈች።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከራዲያተሩ በታች ያለው ሶፍት ረጠበ።

ልጅቱ ፓምፑን አጥፍታ ፊቲንጉን ልታጠብቅ ተንደረደረች።

«ተዪ» አሉ አባትየው። «ያላመመውን ቦታ አትጭመቂው። ውሃውን አውጪና ቱቦውን ስጪኝ።»

የቱቦውን አፍ በአውራ ጣታቸው ዙሪያውን ሄዱበት። ከዚያ ከፊቲንጉ ውስጥ የጎማውን ቀለበት አውጥተው ዳሰሱ።

«ጠርዙ ምላጭ ነው። ሲገባ ጎማውን ልጦታል። ይኸው፣ እዚህ ጋ።»

ልጅቱ ቀለበቱን ወደ መስኮቱ ይዛ አፍጥጣ ካየች በኋላ ነው ፀጉር የምታህል ጭረት የታየቻት። «መነጽር እንኳ ሳታደርግ!»

«ግድግዳ ውስጥ ላለ ቧንቧ ዓይን መቼ ሠርቶ ያውቃል? ብርጭቆ ወረቀት አለሽ?»

አመጣችላቸው። የቱቦውን ጠርዝ ከውጭም ከውስጥም እያዞሩ ያለሰልሱ ጀመር። ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ እጃቸውን ትጠብቃለች፤ ከሥራቸው ያለው ተከፍቶ የተኛ ማሽን የእንጀራዋ ገመድ ነውና። ሁለተኛው ጫፍ ላይ ሲደርሱ ስልኳ ጮኸ፤ ደንበኛው ነው። ማሽኑን አየች፣ የአባቷን እጅ አየች፣ ከዚያ ስልኩን አንሥታ ወደ ሌላኛው ክፍል ሄደች። በሩንም ዘጋችው።

ወሬው ረጅም ነበር። ስትመለስ ስምንቱም ጫፍ ለስልሶ፣ ለተላጠው ከፊቲንጎቹ ካርቶን ትርፍ ቀለበት ተተክቶለት፣ ሁሉም በየቦታው ገብቷል። ፓምፑ እያጉረመረመ ውሃው በጠራው ቱቦ ውስጥ ይዞራል። ተንበርክካ ሶፍቶቹን አንድ በአንድ ነካች። ደረቅ።

«ምነው፣ ሳትጠራኝ?»

«ሥራ ላይ ነበርሽ» አሉ፣ የብርጭቆ ወረቀቱን ብናኝ ከሱሪያቸው ላይ እያራገፉ። «እኔም ሥራ ላይ ነበርኩ።»